ሁለቱም 120 እያሉ ለምን ይለያያሉ?

የሬዲዮ ትምህርታዊ ዝግጅት

(ድምፅ፦ ድራም ማሽን ብቻውን አራት ባር ይጫወታል። ቤዝ የሚጫወት ሲንተሳይዘር ይገባበታል። መጀመሪያ አብረው ይሄዳሉ፣ ቀስ በቀስ ይለያያሉ። ድምፁ ዝቅ ይላል።)



የሰማችሁት መለያየት ሆን ተብሎ የተቀዳ ነው። አንደኛው ድራም ማሽን ነው። ሁለተኛው የራሱ ሲኩዌንሰር ያለው ሲንተሳይዘር ነው። ሲኩዌንሰር ማለት ኖታዎችን በተራ መዝግቦ ይዞ፣ ቁልፉ ሲጫን ራሱ የሚያጫውት ክፍል ነው። በሁለቱም ላይ ቴምፖው 120፣ ማለትም በደቂቃ 120 ምት፣ ተደርጓል፤ ሁለቱም በአንድ ቅጽበት ተነስተዋል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ጆሯችሁ ነግሯችኋል።

እያንዳንዱ መሣሪያ በውስጡ የራሱን ሰዓት ነው የሚቆጥረው። አንዱ ከሌላው በሺህ አንድ ብቻ ቢፈጥን፣ ደቂቃ ሲሞላ በ60 ሚሊ ሰከንድ ቀድሞ ይገኛል። ይህን ደግሞ ሙዚቀኛ ያልሆነ ሰው እንኳ ይሰማዋል። ቴምፖው በማዞሪያ የሚስተካከልባቸው የድሮ መሣሪያዎችማ በሺህ አንድ ቢለያዩ ትልቅ ነገር ነበር። ክፍሉ ሲሞቅ ሌላ፣ ሲቀዘቅዝ ሌላ ይሆናሉ።

ስለዚህ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት መሣሪያ ያለው ሰው ሁሉንም በአንድ ሰዓት ማስኬድ አለበት። ይህ የሚሠራው መሣሪያዎች እርስ በርስ በሚነጋገሩበት የጋራ ደንብ፣ በሚዲ ነው። የዛሬው ዝግጅታችን የሚዲ ክሎክ ምን እንደሚልክ፣ በተለይ ደግሞ ምን እንደማይልክ ይመለከታል። ሰዎች ለቀናት የሚጨነቁባቸው ብልሽቶች አብዛኞቹ ክሎኩ የማይልከውን ነገር ይልካል ብሎ ከማሰብ የሚመጡ ናቸው።

ታሪኩን ባጭሩ። ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ከሚዲ በፊትም መሣሪያዎችን ማያያዝ ይቻል ነበር፤ ችግሩ ሁሉም ኩባንያ በየራሱ ቋንቋ መናገሩ ነበር። የሮላንድ መሣሪያዎች ለአንድ ምት 24 ትክታ ይልኩ ነበር፣ የኮርግ 48፣ የኦበርሃይም ድራም ማሽን ደግሞ 96። የአንዱን ከሌላው ጋር ያገናኘ ሰው ለምሳሌ በእጥፍ ወይም በግማሽ ፍጥነት የሚሮጥ ሙዚቃ ያገኝ ነበር። የሮላንድ መሥራች ኢኩታሮ ካኬሃሺ ይህ እንዲያበቃ ከሚፈልጉት አንዱ ነበሩ። በአሜሪካ ደግሞ ፕሮፌት 5 የተባለውን ሲንተሳይዘር የሠሩት ዴቭ ስሚዝ በ1981 ለሁሉም መሣሪያ የሚሆን የጋራ ማገናኛ ሐሳብ ለድምፅ መሐንዲሶች ማኅበር አቀረቡ። ያማሃ፣ ኮርግና ካዋይም ገቡበት። በጥር 1983 በካሊፎርኒያ በተደረገው የሙዚቃ መሣሪያ ነጋዴዎች ትርዒት ላይ የስሚዝ ኩባንያ ፕሮፌት 600 ከሮላንድ ጁፒተር 6 ጋር በአንድ ሽቦ ተያይዞ ታየ፤ ተፎካካሪ ኩባንያዎች የሠሯቸው ሁለት ኪቦርዶች፣ አንዱ ሲነካ ሌላውም ይጮኻል። የሚዲ ደንብ በዚያው ዓመት በነሐሴ ታትሞ ወጣ። ባለቤቶቹ የፈቃድ ክፍያ አልጠየቁበትም፤ ዛሬ ርካሹም ውዱም መሣሪያ ሚዲ ያለው፣ ይመስለኛል፣ በዋናነት በዚህ የተነሳ ነው። ካኬሃሺና ስሚዝ በ2013 የቴክኒክ ግራሚ ሽልማት ተቀብለዋል።

ወደ ሽቦው እንግባ። በሚዲ ሽቦ ውስጥ ድምፅ አይሄድም፤ ቁጥር ነው የሚሄደው። «ይህን ቁልፍ በዚህ ኃይል ተጫን»፣ «አሁን ልቀቅ» የሚሉ ትእዛዞች በቁጥር ተቀይረው እየተከታተሉ ያልፋሉ። ከነዚህ መካከል ለዛሬው ጉዳያችን የሚያስፈልጉን ጥቂት ናቸው። ቁጥር 248 ትክታ ነው፤ ክሎክ የምንለው እሱን ነው። 250 «ከመጀመሪያው ጀምር»፣ 251 «ካቆምክበት ቀጥል»፣ 252 «አቁም» ይላሉ።

መሪው መሣሪያ ለአንድ ሩብ ኖታ 24 ጊዜ 248ን ይልካል። ቴምፖው 120 ከሆነ በሰከንድ ሁለት ምት ስላለ በሰከንድ 48 ትክታ ይወጣል፤ በአንዱና በሚቀጥለው መካከል ከ20 ሚሊ ሰከንድ ትንሽ በለጥ ያለ ጊዜ ያልፋል። ተከታዩ መሣሪያ ስድስት ትክታ ሲቆጥር አንድ አሥራ ስድስተኛ ኖታ ይራመዳል። 24 ደግሞ ለሁለትም፣ ለሦስትም፣ ለአራትም ይካፈላል። ሦስት ለእኛ ሙዚቃ ምን ያህል እንደሚጠቅም በኋላ እንመጣበታለን።

(ድምፅ፦ ትክታ ብቻ፣ በ120፣ ለአራት ሰከንድ። እንደ ጩኸት የሚርገበገብ ድምፅ።)

ይህ የሰማችሁት ራሱ ክሎኩ ነው፣ ወደ ድምፅ ተቀይሮ። አሁን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፦ በዚህ ውስጥ 120 የሚለው ቁጥር የት አለ? የለም። ክሎኩ «ፍጥነቱ ይህን ያህል ነው» አይልም። ትክታ ይልካል፣ ሌላ ትክታ ይልካል፣ በቃ። ተከታዩ መሣሪያ በመስታወቱ ላይ 120 ብሎ ቢያሳያችሁ ራሱ በትክታዎቹ መካከል ያለውን ጊዜ ለክቶ አስልቶት ነው። አንዳንዴ 119.8፣ አንዳንዴ 120.3 እያለ የሚዋልለው ለዚህ ነው፤ ቁጥሩ ስለዋለለ አትደንግጡ። አንድ ትክታ በ2 ሚሊ ሰከንድ ቢዘገይና መሣሪያው በዚያች አንዲት ክፍተት ብቻ ቢያሰላ 109 ተኩል ገደማ ብሎ ያነብባል፤ በ2 ሚሊ ሰከንድ ቢቀድም ወደ 133 ይጠጋል። ስለዚህ ደህና የተሠራ መሣሪያ የብዙ ትክታዎችን አማካይ ይወስዳል።

ሁለተኛው የሌለ ነገር ቦታ ነው። ትክታው «አሁን አምስተኛው ባር ላይ ነን» አይልም። መሪው እየተጫወተ ሳለ ኬብሉን ነቅላችሁ መልሳችሁ ብትሰኩ፣ ተከታዩ ፍጥነቱን ወዲያው ያገኛል፤ «አንድ» የት እንደሆነ ግን አያውቅም። መሪው «አንድ» ሲል እሱ «ሦስት» እያለ እስከ መጨረሻው በትክክለኛ ፍጥነት የተሳሳተ ቦታ ላይ ይጫወታል። መድኃኒቱ ማቆምና እንደገና ማስጀመር ነው፤ ቁጥር 250 ሁሉንም ወደ መነሻው ይመልሳቸዋል። ለቦታ የሚሆን ሌላ መልእክት፣ ቁጥር 242፣ አለ፤ ከመነሻው ስንት አሥራ ስድስተኛ እንደተራመድን ይናገራል። ትልልቆቹ ሲኩዌንሰሮች ይገባቸዋል፤ ብዙዎቹ ትንንሽ መሣሪያዎች ግን ሰምተው እንዳልሰሙ ያልፉታል። ስለዚህ የመድረክ ሥራ ያለው ሰው ከዘፈኑ መሀል መነሳትን ሳይሞክር አይተማመንበት።

ሦስተኛው ስዊንግ ነው። ድራም ማሽኑ ላይ ምቱን ትንሽ ሸርተት አድርጋችሁት ከሆነ፣ ያ መሸርተት በአብዛኛው በድራም ማሽኑ ውስጥ ይቀራል። ክሎኩ እኩል እኩል ነው የሚሄደው። ቤዙም እንዲሸረተት ከፈለጋችሁ እዚያም በእጃችሁ ማስገባት አለባችሁ። ያለበለዚያ ሃይ-ሃቱ ወገቡን እየሰበረ ቤዙ እንደ ወታደር ይራመዳል፤ ሰውም «ሚዲው ዘገየብኝ» ይላል።

አሁን ወደ መሪና ተከታይ። በሰርግ ቤት ከበሮውን ሁለት ሰው ከያዘው ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ እያንዳንዱ ለብቻው ጎበዝ ቢሆንም ጭብጨባው የቱን እንደሚከተል ይጠፋዋል። በመሣሪያዎችም መካከል ከበሮውን የሚይዝ አንድ ብቻ ነው። ደንቡ በጣም አጭር ነው፤ አንዱ ይመራል፣ ሌሎቹ በሙሉ ይከተላሉ፣ ከሚከተሉት አንዱም ክሎክ መልሶ አይልክም።

በተግባር እንየው። ጠረጴዛችሁ ላይ ድራም ማሽን፣ ቤዝ የሚጫወት ሲንተሳይዘርና አኮርድ የሚይዝ ሲኩዌንሰር ያለው ኪቦርድ አሉ እንበል። መሪ የሚሆነውን ስትመርጡ ውድ የሆነውን ሳይሆን ዘወትር በርቶ የሚውለውንና ማስነሻ ቁልፉ ለእጃችሁ የሚቀርበውን ምረጡ፤ ብዙ ጊዜ ድራም ማሽኑ ይሆናል። በድራም ማሽኑ ሴቲንግ ውስጥ የክሎክ ምንጭ የሚለውን «ኢንተርናል»፣ ክሎክ መላክ የሚለውን «ኦን» አድርጉ። በሌሎቹ በሁለቱ የክሎክ ምንጭ «ኤክስተርናል» ወይም «ሚዲ» ይሁን፤ ክሎክ መላክ «ኦፍ» ይሁን። ከዚያ ከድራም ማሽኑ «አውት» ወደ ሲንተሳይዘሩ «ኢን»፣ ከሲንተሳይዘሩ «ትሩ» ወደ ኪቦርዱ «ኢን» ኬብል ዘርጉ። «ትሩ» የሚባለው ቀዳዳ በ«ኢን» የገባውን እንዳለ ገልብጦ የሚያወጣ ነው። በ«አውት» እና በ«ትሩ» መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ከ«አውት» የሚወጣው መሣሪያው ራሱ የሚናገረው ነው።

በአንዳንድ መሣሪያዎች ላይ ክሎክ መቀበልና ማስጀመሪያ ማቆሚያውን መቀበል ሁለት የተለያዩ ሴቲንጎች ናቸው። ፍጥነቱን ተከትሎ፣ ድራሙ ሲነሳ ግን አልነሳም የሚል ሲንተሳይዘር ካጋጠማችሁ መጀመሪያ እዚያ ተመልከቱ። በልክ በእጥፍ የሚሮጥ ከሆነ ደግሞ ክሎኩ ሁለት ጊዜ እየገባ ነው፤ ለምሳሌ በዩኤስቢም በሚዲ ኬብልም፣ ወይም አንዱ ተከታይ የተቀበለውን መልሶ እየላከ። በእጥፍ ማለቱ ራሱ ምርመራውን ያሳጥርላችኋል። ዝም ብሎ የሚንገዳገድ መሣሪያና በትክክል በእጥፍ የሚሮጥ መሣሪያ በሽታቸው ለየቅል ነው።

ስለ ኬብል ጥቂት ልበል። ባህላዊው የሚዲ ሶኬት አምስት ፒን አለው፤ ለመረጃው የሚሠሩት ግን 4ኛውና 5ኛው ናቸው፣ 2ኛው ለኬብሉ መከለያ ነው። በተቀባዩ በኩል ምልክቱ በብርሃን ተሻግሮ ስለሚገባ የሁለቱ መሣሪያዎች ኤሌክትሪክ አይነካካም። ኮምፒዩተር በዩኤስቢ ሲገናኝ የሚሰማው ያ «ዝዝዝ» የሚል ጉምጉምታ በሚዲ ኬብል የማይመጣው በዚህ ነው። የኬብሉ ርዝመት ከ15 ሜትር እንዳይበልጥ ደንቡ ያዛል። በ«ትሩ» እየተቀባበሉ መሄድም ገደብ አለው። በእያንዳንዱ መሸጋገሪያ የምልክቱ ጠርዝ ትንሽ ትንሽ ይበላሻል፤ ከሦስትና ከአራት መሣሪያ በኋላ ባይት መሳት ሊጀምር ይችላል። «ትሩ ያዘገያል» የሚባለው ግን በአብዛኛው ተረት ነው፤ በሽቦ የተሠራ «ትሩ» የሚጨምረው ጊዜ በማይክሮ ሰከንድ የሚቆጠር ነው። ብዙ መሣሪያ ያለው ሰው አንድ ገቢና ብዙ ወጪ ያለው የትሩ ሳጥን ይግዛ፣ ከረጅሙ ሰልፍ ይገላገላል። ሁለት ኬብሎችን አንድ ላይ ቀጥሎ ወደ አንድ «ኢን» ማስገባት ግን አይሠራም፤ ሁለት መልእክት ሲጋጭ የሚወጣው ትርጉም የሌለው ቁጥር ነው። ለዚያ መልእክቶቹን ተራ የሚያስይዝ ማዋሃጃ ሳጥን ያስፈልጋል።

አሁንም ገበያ ላይ ሰውን የሚያሞኝ አንድ ሶኬት አለ። በ1980 የወጣው የሮላንድ ቲአር 808 ድራም ማሽን ከኋላው አምስት ፒን ያለው ሶኬት አለው፤ መልኩ የሚዲ ነው። ሚዲ ግን አልነበረም፤ ሚዲ ገና አልተፈጠረም ነበር። ማስጀመሪያው በ1ኛው ፒን፣ ትክታው በ3ኛው ፒን የሚያልፍ የሮላንድ የድሮ ማመሳሰያ ነው። የሚዲ ኬብል ገጥሞለት ይሰካል፣ ምንም አይሆንም። ለ808 ከሚዲ ወደዚያ አሮጌ ቋንቋ የሚቀይር ትንሽ ሳጥን መሀል ላይ መግባት አለበት። ቁጥሩ ግን ያው 24 ነው፤ ሚዲም የያዘው ይህንኑ ነው። የዘንድሮዎቹ ትንንሽ መሣሪያዎች በበኩላቸው በጆሮ ማዳመጫ ጃክ መጠን ሚዲ ያወጣሉ፤ አሠራሩ ኤ እና ቢ በሚባል ሁለት ዓይነት ስለመጣ መለወጫ ኬብል ከመግዛታችሁ በፊት የመሣሪያችሁን መመሪያ አንብቡ። እንደ ኮርግ ቮልካ ያሉት ደግሞ ከሚዲው ሌላ በምት ሁለት ጊዜ ብቻ «ጡብ» የምትል ምልክት የሚቀበሉበት ጃክ አላቸው፤ ከሌላ ቦታ በምት አራት ጊዜ ብትልኩላቸው በእጥፍ ይሮጣሉ።

«ሚዲ ቀርፋፋ ነው» የሚለውን ክስ ደግሞ በቁጥር እንመርምረው። ሚዲ በሰከንድ 31,250 ቢት ያስተላልፋል። አንድ ባይት ከመነሻና ከመድረሻ ምልክቱ ጋር 10 ቢት ስለሚሆን በሰከንድ 3,125 ባይት፣ ማለትም ለአንድ ባይት 0.32 ሚሊ ሰከንድ ይደርሰዋል። የክሎክ ትክታ አንድ ባይት ናት። በ120 ቴምፖ ከ3,125ቱ ክሎኩ የሚወስደው 48 ብቻ ነው፤ ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞላም። አንድ ኖታ ግን ሦስት ባይት ነው፣ ወደ 1 ሚሊ ሰከንድ ይጠጋል። በአንድ ኬብል አሥር ኖታ በአንድ ምት ላይ ብትልኩ አሥረኛው የሚደርሰው ወደ 10 ሚሊ ሰከንድ ዘግይቶ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በ10 ሚሊ ሰከንድ የሚሄደው 3 ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ያን ያህል ርቆ ከሚቆም ድራመር ጋር የተጫወተ ሰው መዘግየቱን ያውቀዋል፣ ይለምደዋልም። ስለዚህ ድራሙን በተራው ከፊት አስቀድማችሁ፣ ፓዱን ከኋላ አድርጉት፤ ቀስ ብሎ የሚገባ ድምፅ 5 ሚሊ ሰከንድ ቢዘገይ ማንም አይጠይቀውም።

ሽቦውን በእውነት የሚያጨናንቁት ሌሎች ናቸው። የኖታ ማጠፊያ መንኮራኩር፣ ቁልፉ ከተጫነ በኋላ የሚለካው ግፊት፣ የማዞሪያ እንቅስቃሴ፤ እነዚህ በአንድ የእጅ ንቅናቄ መቶ መልእክት ያፈሳሉ። ከሁሉም የሚብሰው የድምፅ ባንክ መላክ ነው። የያማሃ ዲኤክስ 7 የ32 ድምፅ ባንክ 4,104 ባይት ነው፤ በሽቦው ላይ ከ1.3 ሰከንድ በላይ ይወስዳል። ደንቡ ትክታው በዚህ መሀል እንኳ ጣልቃ ገብቶ እንዲያልፍ ይፈቅዳል፤ ሁሉም መሣሪያ ግን ይህን በደንብ አይፈጽምም። ባንክ የሚላከው ሙዚቃው ቆሞ ነው።

እስካሁን ያልኩት መዘግየት ቋሚ መዘግየት ነው፤ ሁልጊዜ ያው 6 ሚሊ ሰከንድ ከሆነ ቀድሞ በማስነሳት ወይም የተቀዳውን ትራክ በመግፋት ይስተካከላል። የማይታከመው አንዴ 1፣ አንዴ 7፣ አንዴ 3 እያለ የሚዋልለው ነው። ይህ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ኮምፒዩተር መሪ ሲሆን ነው። ኮምፒዩተሩ ስክሪን ይስላል፣ ፋይል ያነባል፣ ኢንተርኔት ይጠይቃል፣ በዚህ መሀል ትክታ የመላክ ተራው ሲደርስ ይልካል። ከክሎኩ ጋር የተመሳሰለ ዲሌይ ካላችሁ ጉዳቱን በጆሯችሁ ትይዙታላችሁ፤ የማስተጋቢያው ድምፅ ቅላጼው እንደ ታመመ ካሴት ይዋዥቃል። የእኔ ምክር ቁርጥ ያለ ነው። ጠረጴዛው ላይ ደህና ድራም ማሽን ካለ እሱ ይምራ፣ ኮምፒዩተሩ ይቅዳ። ኮምፒዩተሩ መምራት ካለበት፣ ከኮምፒዩተሩ የድምፅ ትራክ ትክታ ተቀብለው ወደ ሚዲ ክሎክ የሚቀይሩ ሳጥኖች አሉ፤ የድምፅ ትራክ በኮምፒዩተር ውስጥ ከሚዲው እጅግ የተስተካከለ ጊዜ አለውና።

አሁን ወደ ችክችካ።

(ድምፅ፦ ባለ 6/8 ችክችካ ምት፣ ድራም ማሽን ላይ፣ ስምንት ባር።)

አብዛኞቹ ድራም ማሽኖችና ሲኩዌንሰሮች የተሠሩት ለ4/4 ነው፤ አሥራ ስድስት ቁልፍ፣ አሥራ ስድስት መብራት። ችክችካን በዚህ ሳጥን ውስጥ የሚያስገቡበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ርዝመቱን ከአሥራ ስድስት ወደ አሥራ ሁለት እርምጃ መቀነስ ነው። እያንዳንዱ እርምጃ አሥራ ስድስተኛ ኖታ፣ ማለትም ስድስት ትክታ ስለሆነ ባሩ 72 ትክታ ይሆናል፤ ሁለት ትልልቅ የችክችካ ምት፣ እያንዳንዱ 36 ትክታ። ሁለተኛው መንገድ እርምጃውን ወደ ትሪፕሌት፣ ማለትም ሩብ ኖታ ለሦስት እኩል ወደሚከፈልበት፣ መቀየር ነው፤ በብዙ መሣሪያ ላይ «ስኬል» የሚል ሴቲንግ አለ፣ 808 ላይ እንኳ ፕሪ-ስኬል የሚባል ማብሪያ ነበረበት። ያኔ አንድ እርምጃ ስምንት ትክታ ነው፤ አሥራ ሁለት እርምጃ 96 ትክታ፣ አራት የችክችካ ምት፣ እያንዳንዱ 24 ትክታ።

ሁለቱም መንገድ ትክክል ነው፤ መቀላቀላቸው ነው ችግሩ። ድራሙ በመጀመሪያው፣ ቤዙ በሁለተኛው መንገድ ከተሞላ፣ በሁለቱም ላይ አሥራ ሁለት መብራት ይበራል፣ ሁለቱም ክሎኩን አንዲት ትክታ ሳያጎድሉ ይከተላሉ፣ ቴምፖውም ያው 120 ይላል። የሚሰማው ግን ሌላ ነው፤ ቤዙ ከድራሙ በአንድ ተኩል እጥፍ ይፈጥናል። ሁለቱ «አንድ» ላይ የሚገናኙት በየ288 ትክታው፣ በ120 ቴምፖ በየ6 ሰከንዱ ብቻ ነው። ኬብል ብትቀይሩ፣ መሣሪያ ብትቀይሩ አይስተካከልም፤ ሚዲው ምንም ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ የምት አከፋፈሉ ላይ ነው፣ ክሎክ ደግሞ የምት አከፋፈል አያውቅም።

ይህ በመስታወቱ ላይ ያለውን ቁጥርም ይነካል። ትልቁ የችክችካ ምት በደቂቃ 100 ጊዜ እንዲመታ ከፈለጋችሁ፣ በትሪፕሌቱ መንገድ 100 ብላችሁ ትጽፋላችሁ። በአሥራ ሁለት እርምጃው መንገድ ግን መሣሪያው ሩብ ኖታን ስለሚቆጥር 150 ነው መጻፍ ያለባችሁ። ሁለት ሙዚቀኞች በስልክ «በስንት ነው የሠራኸው?» ተባብለው አንዱ 100፣ አንዱ 150 ሲል ሁለቱም ስለ አንድ ዘፈን እያወሩ ሊሆን ይችላል። ከመሰካታችሁ በፊት በየትኛው መንገድ እንደምትሄዱ ተስማሙ። እኔ የትሪፕሌቱን መንገድ እመርጣለሁ፤ ዲሌዩም፣ አርፔጂዬተሩም፣ በመስታወቱ ላይ ያለው ቁጥርም እግር ከሚመታው ምት ጋር ይገጥማሉ። የአሥራ ሁለት እርምጃው መንገድ ጥቅም ደግሞ ትልቁን ምት ለሁለት እኩል መክፈል ስትፈልጉ፣ ስምንተኛዋን ኖታም ሰንጥቃችሁ ጌጥ ስታስገቡ ይታያል።

ማሽንና የእኛ ምት ከተገናኙ ቆይተዋል። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ በ1985 በዋሽንግተን ብቻቸውን ስቱዲዮ ገብተው አኮርዲዮን፣ ሮድስ፣ ሙግ ሲንተሳይዘርና ድራም ማሽን ደራርበው ያወጡት አልበም አለ፤ በ2013 በድጋሚ ታትሞ ዓለም ሁሉ ሰምቶታል። እንዲህ ባለው ደራርቦ መቅዳት መሣሪያዎቹን የሚያመሳስላቸው የተጫዋቹ ጆሮ ነው፤ ማሽኑ ይሄዳል፣ እጅ ይከተላል። ይህ ዛሬም ይሠራል። መድረክ ላይ ክራርና ማሲንቆ ከማሽን ጋር ሲጫወቱ ክሎኩን የሚሰማው ሰው መሆን አለበት፤ ለድራመሩ ወይም ለክራሩ በጆሮ ማዳመጫ የምት ድምፅ ስጡት። ሚዲ ክሎክ ማሲንቆውን አይሰማም፤ ማሲንቆው ትንፋሽ ሊወስድ ቢዘገይ ማሽኑ አይጠብቀውም። በቴምፖ ቁልፉ ላይ በጣት እየመታችሁ ማሽኑን ወደ ሰው ማምጣት ይቻላል፤ ጥሩ ጆሮና ነፃ እጅ ያለው ሰው ግን ያስፈልገዋል።

በመጨረሻ መመርመሪያውን ልስጣችሁ። ከሁለቱ መሣሪያዎች አጭርና ደረቅ ድምፅ ምረጡ፤ ጭብጨባ ወይም የበትር ድምፅ። በየምቱ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲመቱ አድርጉ። አንደኛውን ወደ ግራ፣ ሌላውን ወደ ቀኝ ቻናል አስገብታችሁ ሁለት ደቂቃ ቅዱ። ከዚያ በኮምፒዩተር ላይ አስፍታችሁ በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት በመጀመሪያው፣ በመካከለኛውና በመጨረሻው ምት ላይ ለኩ። ክፍተቱ በሦስቱም ቦታ እኩል ከሆነ ቋሚ መዘግየት ነው፤ ያን ያህል ግፉትና ተገላገሉ። እየሰፋ ከሄደ ተከታዩ እየተከተለ አይደለም፤ የክሎክ ምንጩ አሁንም «ኢንተርናል» ላይ ነው። አንዴ ጠቦ አንዴ ከሰፋ ክሎኩ ራሱ እየዋለለ ነው፤ መሪውን ቀይሩ።

(ድምፅ፦ የመግቢያው ድራም ማሽንና ቤዝ፣ አሁን በሚዲ ተያይዘው። ስምንት ባር፣ ከዚያ ዝቅ ይላል።)

በሚቀጥለው ዝግጅታችን አንድ ኪቦርድ በ16ቱ የሚዲ ቻናሎች እንዴት ብዙ መሣሪያ እንደሚያጫውት እንመለከታለን። እስከዚያው ደህና ሁኑ።